ስለ ትራክተር ጢስ መውጫ ዝገት ስለ ያዘውም ብሎን አፈታት

ለአገር ገዥዎች፥ ለባለ እርሻዎችና ለየወረዳው ሹማምንት

ዛሬ ልናስታውቅ ያሰብነው ነገር ሲያዩት እጅግ ትንሽ ይመስላል፤ በእርሻ ወራት የሚያመጣው ጉዳት ግን ትንሽ አይደለም። ይኸውም በትራክተር፥ በኮምባይነርና በጭነት መኪና ጢስ መውጫ ላይ ያለው ብሎን ዝጎ በተጣበቀ ጊዜ እንዴት ሊፈታ እንደሚገባ ነው። ብሎኑ ከጣት የማይበልጥ ብረት ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ነው። ነገር ግን በጉልበት ተጠምዝዞ ከሞተሩ ውስጥ የተሰበረ እንደ ሆነ፥ መሬቱ ዝናም ጠጥቶ ለማረሻ በተመቸበት ሳምንት ትራክተሩ ከደጅ ቆሞ ይቀራል፤ ሰባራውንም ለማውጣት ብልህ ሠራተኛ ከሩቅ ከተማ ማስመጣት ግድ ይሆናል። የዘር ወራት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

«ይህ ለመካኒክ የሚነገር ነው እንጂ ለገዥ ምን ይረባዋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። ብሎኑን የሚሰብረው የመካኒኩ ክንድ ቢሆንም፥ ክንዱን የሚያስቸኩለው ብዙ ጊዜ የአለቃው ቃል ነው። «እስከ ማታ ጨርስ» ተብሎ የታዘዘ ሠራተኛ ዘይቱ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ድረስ ሊታገሥ አይችልም፤ ስለዚህ በመፍቻው ጫፍ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ይንጠለጠልበታል፤ ብሎኑም ይሰበራል። እንግዲህ የዚህ ሥራ ዋነኛ መሣሪያ ጊዜ ነው፤ ጊዜንም ለሠራተኛው የሚሰጠው ሹሙና ባለ እርሻው ነው። ስለዚህ መፍቻ የማይጨብጥም ቢሆን የነገሩን አካሄድ ሊያውቅ ይገባዋል።

ጢስ መውጫው የሚያገለግለው

በሞተሩ ውስጥ ናፍጣው ወይም ቤንዚኑ ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረው ትኩስ ጢስ፥ ከቴስታታው ጎን ባለው ወፍራም የብረት ክንድ ተሰብስቦ በቱቦ ወደ ማርሚታ ይገባል፤ ድምፁም በዚያ ከበረደ በኋላ ወደ ውጭ ይወጣል። ክንዱ አብዛኛውን ጊዜ ጊዛ ከሚባለው ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው፤ ከቴስታታው ጋር የሚያያዘውም ራስ በሌላቸው ብሎኖችና በዳዶዎች ነው። በሁለቱ መካከል ጢሱ እንዳይሾልክ ጓርኒሲዮን ይገባል።

ከነዚህ ብሎኖች አንዱ የላላ ወይም የተሰበረ እንደ ሆነ ጢሱ በክፍተቱ ይሾልካል። ከዚህም ሦስት ጉዳት ይመጣል።

መጀመሪያው በሰው ነፍስ ላይ ነው። በጢሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለ፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ይህ መርዝ ኦክሲጅንን በሚሸከመው የደም ክፍል ላይ ከኦክሲጅኑ ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ በመስተዋት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው፥ ወይም በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሞተር አስነሥቶ የሚሠራ መካኒክ፥ መታመሙን ሳያውቅ ሊደነዝዝና ሊሞት ይችላል።

ሁለተኛው እሳት ነው። በብርቱ ሥራ ላይ ያለ የናፍጣ ሞተር ጢስ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ ይችላል። በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ኮምባይነር በሚሠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ደግሞ ገለባው ፈጽሞ ደርቆ ይገኛል፤ ብናኙም በሞተሩ ዙሪያ ይከማቻል። በክፍተቱ የወጣ ትኩስ ጢስ ወይም ብልጭታ ይህን ገለባ ያገኘ እንደ ሆነ፥ የሚቃጠለው ኮምባይነሩ ብቻ ሳይሆን ያልታጨደው አዝመራ ሁሉ ነው።

ሦስተኛው የኀይል መጉደል ነው። በጢስ ግፊት የሚሽከረከር ተርቦ ያለው ሞተር ጢሱ በመንገድ ከሾለከበት ይደክማል፤ ናፍጣውንም በከንቱ ይፈጃል።

ብሎኑ ስለ ምን እንደሚጣበቅ

ብዙ ሰው ዝገቱ ከዝናም ብቻ የመጣ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከጢሱ ጋር አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይወለዳል። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ ውኃው ተንኖ ይወጣል፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ተነሥቶ ሳይሞቅ የጠፋ እንደ ሆነ ግን በቱቦውና በማርሚታው ውስጥ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። በናፍጣው ውስጥ ካለው ዲኝ የሚወጣውም ጢስ ከዚሁ ውኃ ጋር ተዋሕዶ ብረት የሚበላ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ ከሚሠራው ትራክተር ይልቅ ክረምቱን ሁሉ ቆሞ የከረመው፥ አልፎ አልፎም «እንዳይበላሽ» ተብሎ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነሣው፥ ብሎኑ አብዝቶ ይዝጋል።

ዝገት ብረትን መብላት ብቻ አይደለም ሥራው፤ ያብጣልም። ብረት ወደ ዝገት በተለወጠ ጊዜ አስቀድሞ ከያዘው ስፍራ ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ስፍራ ይይዛል። በብሎኑ ጥርስና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ግን እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ዝገቱ በዚያ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ሁለቱን ብረቶች ያጣብቃቸዋል።

በዚህ ላይ በየቀኑ መሞቅና መብረድ አለ። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፥ ሲበርድ ይሰበሰባል። አሉሚኒየም ደግሞ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፥ ቴስታታው አሉሚኒየም በሆነ መኪና ላይ ያለው ብሎን ይልቁን ይጨነቃል። ተራ ግራሶ ቢቀባም በዚያ ሙቀት ተቃጥሎ ከሰል ስለሚሆን፥ ይረዳል የተባለው ራሱ ማጣበቂያ ሆኖ ይገኛል።

ስለ መፍቻው ልክ

ብሎን፥ ዳዶና ማርሚታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ መኪናው ግን ከብዙ አገር ይመጣል፤ የብሎኑም ልክ እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ የብሎን ጥርስ ሁሉ በአንድ ልክ እንዲሠራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1841 ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አድርጎት ነበር፤ የዛሬው የሜትር ልክ ግን 60 ዲግሪ ነው። ከአሮጌዎቹ የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪናዎች ብዙዎቹ በኢንች፥ ከአዲሶቹ ብዙዎቹ በሚሊሜትር የተለኩ ናቸው።

ይህን ያለማወቅ ብዙ ዳዶ ያበላሻል። ከጎን እስከ ጎኑ ግማሽ ኢንች የሆነ ዳዶ 12.7 ሚሊሜትር ነው። የ13 ሚሊሜትር መፍቻ ሲገባበት የተስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን የቀረችው ጥቂት ክፍተት ዝገት በያዘው ዳዶ ላይ ማዕዘኑን ትቀጥፈዋለች። ማዕዘኑ ከጠፋ በኋላ መፍቻ የሚይዘው የለም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዳዶ ላይ አፈ ክፍት መፍቻ ማግባት አይገባም፤ ዳዶውን ዙሪያውን የሚውጠው ስድስት ማዕዘን ያለው ቡሶላ ይሻላል። ዐሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ለማግባት ይቀላል፤ ነገር ግን የሚይዘው በጫፍ በጫፉ ስለ ሆነ ቶሎ ይንሸራተታል።

የጉልበቱም ልክ ይታወቅ። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ተራ የብረት ብሎን ሲጠብቅ 25 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃዋል። አንድ ሰው ግማሽ ሜትር በሚሆን ዘንግ ጫፍ ላይ በ40 ኪሎ ክብደት የተጫነ እንደ ሆነ ግን 200 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ስምንት እጥፍ ነው። ቧንቧ ሰክቶ የሚንጠለጠል ሰው ብሎኑን ቢሰብር ሊያስደንቅ አይገባም።

የአፈታቱ ሥርዐት

፩ኛ፤ ሞተሩ ፈጽሞ ይብረድ። ከዚያ በኋላ ከዳዶው ውጭ የሚታየው የብሎን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ይጽዳ፤ ዳዶው የሚወጣበት መንገድ በዝገትና በጭቃ ተዘግቶ ሳለ መጠምዘዝ ከንቱ ነው።

፪ኛ፤ በቀጭን ዘይት ይረስርስ። ዝገት እንዲያላላ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ዘይት በገበያ ይገኛል። ደብልዩ ዲ 40 የሚባለው በቆርቆሮ የሚሸጠው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 በአሜሪካ አገር የተሠራው ውኃን ከብረት ለማራቅ ነበር፤ ጥቂት ይረዳል፤ ዝገት ለማላላት የተሠራው ግን ይበልጣል። ዘይቱ ማታ ይደረግ፤ ከመኝታ በፊት ይደገም፤ ጧትም ይሠለስ። በጠባቡ ክፍተት ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ አንድ ሌሊት የሚሠራውን አንድ ሰዓት አይሠራውም።

፫ኛ፤ ዘይቱ በተደረገ ቍጥር ዳዶው በትንሽ መዶሻ ደጋግሞ በቀስታ ይመታ። ዝገት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ በንዝረቱ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱም በስንጥቁ ይገባል። የብሎኑ ጫፍ ግን ጥርሱ እንዳይጨፈለቅ በቀጥታ አይመታ።

፬ኛ፤ በሚፈታበት ጊዜ አስቀድሞ ወደ ማጥበቂያው በኩል ጥቂት ይነቅነቅ፤ ቀጥሎ ወደ መፍቻው በኩል ይሳብ። ከተነቃነቀ በኋላ በአንድ ጊዜ አይፈታ፤ የክቡን ሩብ ያህል ወጥቶ ጥቂት ይመለስ፤ ዘይት ይጨመር፤ እንደ ገናም ይውጣ። እንዲህ ካልሆነ የረገፈው ዝገት ከፊት ተከማችቶ ዳዶውን በመካከል ያንቀዋል። ከመኪናው በታች በጀርባው ተኝቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ ግራና ቀኝ ስለሚደናገሩበት፥ እየፈታሁ ነው ሲል እንዳያጠብቅ መፍቻውን ከመሳቡ በፊት አቅጣጫውን ይመርምር።

እዚህ ላይ ሠራተኛው እጁን ሊያዳምጥ ይገባዋል። ዳዶው ድንገት ጠሽ ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ከተነቃነቀ ዝገቱ ለቅቋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን መፍቻው ያለ ድምፅ እንደ ጠፍር እየተለጠጠ የሚከተል ከሆነ፥ የሚዞረው ዳዶው ሳይሆን የሚጠመዘዘው ብሎኑ ነው። በዚህ ጊዜ ወዲያው ማቆም ይገባል። ጥቂት የጨመረ እንደ ሆነ ይሰብረዋል፤ ካቆመ ግን ገና እሳት ይቀረዋል።

፭ኛ፤ ዘይት ብቻውን ያልፈታውን እሳት ይፈታዋል። የሚሞቀው ዳዶው ነው እንጂ ብሎኑ አይደለም፤ ዳዶው በሙቀት ሲሰፋ ብሎኑን ይለቅቀዋል። በጋዝ ነበልባል ፈጥኖ ይሙቅ፤ ብረቱ በጨለማ ስፍራ ደብዛዛ ቀይ መስሎ መታየት ሲጀምር ሙቀቱ 500 ዲግሪ ያህል አልፏል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ከዚያም ጥቂት ሲበርድ መፍቻው ይግባ። ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። ነበልባሉ ከተነሣና ቅላቱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ፥ ገና ትኩስ በሆነው ዳዶ ሥር የንብ ሰም ይነካ። ሰም በ60 ዲግሪ በላይ ጥቂት ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ቀልጦም በጥርሱ መካከል ይሰርጋል። ሰም ደግሞ በአገራችን ገጠር የማይታጣ ነው።

፮ኛ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ ዳዶው ይሠዋ፤ ብሎኑ ይትረፍ። በብረት መጋዝ ወይም በመሮ ከጎኑ ተሰንጥቆ ይነሣ። አዲስ ዳዶ በቀላሉ ይገኛል፤ በቴስታታው ውስጥ የተሰበረ ብሎን ግን ብዙ ቀን ያስፈጃል።

ስለ እሳቱ ጥንቃቄ

እሳት ከመለኮሱ በፊት ገለባው፥ ግራሶውና የፈሰሰው ዘይት ይጠረግ፤ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የናፍጣ ወይም የቤንዚን ቱቦ በአጠገቡ ካለ ይነሣ ወይም ይከለል፤ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ ይቅረብ። ሥራውም ከአውድማና ከክምር ርቆ በገላጣ ስፍራ ይሁን።

አንድ ነገር በብርቱ እናስጠነቅቃለን። የፍሬን ማጽጃ የሚባለው ፈሳሽ አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ነው። ይህ ፈሳሽ ሳይደርቅ በነበልባል የተነካ እንደ ሆነ ፎስጂን የሚባል መርዝ ሊወጣው ይችላል፤ ይህም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1915 ጀምሮ በጦር ሜዳ ሰው የፈጀው መርዝ ነው። ስለዚህ እሳት በሚገባበት ብረት ላይ እንዲህ ያለ ማጽጃ ከቶ አይደረግ። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲሞቅም ነጭ ጢሱ ትኩሳት ያመጣልና ወደ ውስጥ መተንፈስ አይገባም።

ብሎኑ የተሰበረ እንደ ሆነ

ሰባራው ከቴስታታው ወጣ ብሎ ከታየ፥ አዲስ ዳዶ በላዩ ተደርጎ በመካከሉ በብየዳ ይያያዝ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ መፍቻ የሚይዘው ነገር ይገኛል፤ የብየዳውም ሙቀት ሰባራውን አስፍቶ ሲበርድ ስለሚሰበስበው ዝገቱ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ቢላቀቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መሞከር ይገባል።

ከውስጥ ከተሰበረ ግን በትራፓኖ መበሳት ግድ ነው። ትክክለኛ መካከሉ በሹል ብረት ተመትቶ ምልክት ይደረግ፤ በቀጭን መብሻ ተጀምሮ በየደረጃው ይስፋ። መብሻው ከመካከል የሳተ እንደ ሆነ የቴስታታውን ጥርስ ይበላል። ሰባራ ማውጫ የሚባለው ሾጣጣ መሣሪያ ይረዳል፤ ነገር ግን እጅግ ከጠነከረ ብረት የተሠራ ስለ ሆነ፥ በጉልበት ከተጠመዘዘና በቀዳዳው ውስጥ ከተሰበረ ተራ መብሻ አይበሳውም፤ መከራውም ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ይህን ሥራ ላልለመደ ሰው ማዘዝ አይገባም።

በሚመለስበት ጊዜ

ዛሬ በችግር የተፈታው ብሎን ከዓመት በኋላ በቀላሉ እንዲፈታ የሚሆነው በሚታሰርበት ቀን ነው። የቀዳዳው ጥርስ ይጽዳ፤ ያረጀው ብሎን ይለወጥ። ጥርሱ ላይ የመዳብ ዱቄት ያለበት የሙቀት ቅባት ይደረግ፤ ዘይቱ ቢቃጠል እንኳ መዳቡ በመካከል ቀርቶ ብረት ከብረት እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ቅባት የተቀባ ብሎን ግን በጥቂት ጉልበት አብዝቶ ስለሚጠብቅ፥ የመኪናው መጽሐፍ ከሚያዝዘው ልክ ማለፍ አይገባም። የናስ ወይም የመዳብ ልባጥ ያለው ዳዶ ከተገኘ ይመረጣል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ ዳዶዎቹም ከመካከል ተጀምሮ ወደ ጫፍና ጫፍ በየጥቂቱ ይጥበቁ። ሞተሩ ሞቆ ከበረደ በኋላ እንደ ገና ይመርመሩ።

ሹሙና ባለ እርሻው ሊያዝዙት የሚገባ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ትእዛዝ አጭር ነው። መጀመሪያ፥ የጢስ መውጫው ብሎን የሚመረመረው መኪናው ሥራ በፈታበት ወራት ይሁን እንጂ በማረሻው ወይም በማጨጃው ዋዜማ አይሁን። ሁለተኛ፥ በመኪናው ሣጥን ውስጥ ቀጭን ዘይት፥ የሽቦ ብሩሽ፥ በልኩ የሆነ ቡሶላ፥ ጥቂት ዳዶና አንድ ጓርኒሲዮን ይኑር። ሦስተኛ፥ ቆሞ የሚከርም ትራክተር ጢስ መውጫው ወደ ላይ ከሆነ ዝናም እንዳይገባበት አፉ በጣሳ ይከደን፤ በሚነሣበትም ቀን ጣሳውን ማንሣት አይረሳ፤ ከተነሣም በሚገባ ሳይሞቅ አይጥፋ። አራተኛ፥ መካኒኩ ዘይት አድርጎ «ነገ ጧት ይፈታል» ያለ እንደ ሆነ ቃሉ ይከበር፤ ስንፍና ተብሎ አይቈጠር።

የመጨረሻውም ከሁሉ ይበልጣል። በብዙ ስፍራ ብሎን የሰበረ ሠራተኛ ዋጋው ከደመወዙ ይቈረጥበታል። ይህን የሚፈራ ሰው ከሰበረ በኋላ አይናገርም፤ ሰባራውን በጭቃ ሸፍኖ በቀሩት ብሎኖች ብቻ አስሮ መኪናውን ወደ እርሻ ይሰድደዋል። ጢሱ በዚያ በኩል እየሾለከ መሆኑን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ ሌላው የሚያውቀው ነጂው ራሱን ሲስት ወይም አዝመራው ሲቃጠል ነው። የአንድ ብሎን ዋጋ ለማዳን ተብሎ ሰውና እህል እንዳይጠፋ፥ ሰበርሁ ብሎ የመጣ ሠራተኛ ሳይቀጣ ይሰማ፤ ደብቆ የተገኘው ግን ይጠየቅ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በዚህ ሥራ የተቈጠበው አንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ያስከፍላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሹምና ባለ እርሻ በእጁ ያሉትን መኪናዎች ከሚቀጥለው የሥራ ወራት አስቀድሞ እንዲያስመረምርና፥ ለሠራተኞቹም በቂ ጊዜ እንዲሰጥ እናሳስባለን።